የጋሽ ሸፍኑት ጎማዎች

ሶፋ ሠሪው የሠራውን ሶፋ ደንበኛው ቤት ድረስ ወስዶ ካስቀመጠ በኋላ፣ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆም ብሎ የሚናገራት አንዲት ቃል ነበረችው። «ሸፍኑት» ይላል። ሰዎቹ አዲሱ ሶፋ ላይ ተንሰራፍተው፣ ልጆች እየዘለሉበት፣ የቤቱ እመቤት በደስታ የምትይዘውን የምትጨብጠውን አጥታ ሳለ፣ እሱ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «አደራ፣ ሸፍኑት» ይላቸዋል። ሶፋ ሠርቶ የሚኖር ሰው ሶፋ ላይ ሰው ሲቀመጥ ማየት አለመውደዱ ለሰፈሩ የማያልቅ መሳቂያ ነው። ስሙም በዚያው ወጣለት፤ ጋሽ ሸፍኑት። ስሙን ያወጣው ከሱቁ ጎን ፀጉር የሚያስተካክለው ወዳጁ ነው ይባላል። ፀጉር አስተካካዩ ግን «እኔ የለሁበትም፣ ራሱ ነው በየሰዉ ቤት እየዞረ የተዋወቀበት» ብሎ ይምላል።

ስስታም ነው ብላችሁ ግን እንዳትፈርዱበት። እጁ ለሰው የተዘረጋ ነው፤ ቸግሮት በሩን ያንኳኳ ጎረቤት ባዶ እጁን አይመለስም። የእሱ ችግር ሌላ ነው። ጥሩ ነገር ሲያልቅ ማየት አይሆንለትም። አንድ ዕቃ ጥሩ ከሆነ መቀመጥ አለበት፣ ከተቀመጠ መሸፈን አለበት፣ ከተሸፈነ ደግሞ የሚገለጥበት ቀን መጥቶ አያውቅም። የሠርጋቸው ብርጭቆዎች እስከ ዛሬ ከነካርቶናቸው አልጋ ሥር ናቸው። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላስቲክ ለብሷል። ሳሎን ያለው ሶፋ በሕይወቱ ከሠራቸው ሁሉ የተዋጣለት ነው ይባላል፤ «ይባላል» የምለው ያየው ሰው ስለሌለ ነው። ላስቲክ ጨርቅ ያፍናል ብሎ ስለሚያምን በነጭ አንሶላ ጠቅልሎ፣ አንሶላውንም በሌላ አንሶላ ሸፍኖታል። ፀጉር አስተካካዩ ቀለሙ ቡናማ ነው ሲል፣ የጎረቤት ሴቶች አረንጓዴ ነው ይላሉ። ሚስቱን ቢጠይቋት «እኔም ረስቼዋለሁ» ትላለች።

አሁን አግብታ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ትንሽ ሳለች፣ ቀይ የቆዳ ጫማ ገዝቶላት ነበር። ለጥሩ ቀን ይሁን ተብሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ተሰቀለ። ጥሩው ቀን ሲመጣ ጫማው ወረደ። የልጅቷ እግር ግን ካርቶን ውስጥ ተቀምጦ አልጠበቀምና አልገባም አለ። ልጅቷ አለቀሰች፣ የእሱም ዓይን ዕንባ አቀረረ። ከዚያ ተማረ ወይ ካላችሁ፣ ጫማውን ጠራርጎ መልሶ ካርቶኑ ውስጥ ከተተው።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ቀልደኛ፣ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። መንገድ ላይ እናቶች የልጆቻቸውን እጅ ይዘው አስቁመዋት «ሰላም በላቸው፣ እሳቸው ናቸው ያዋለዱኝ» ሲሉ፣ ከልጆቹ ይልቅ የምታፍረው እሷ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከኮረብታው ማዶ ነው። መኪናዋን የምትነዳውም እሷ ናት፤ እሱ መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም መሪ ሲጨብጥ ትከሻው ጆሮው ጋ ስለሚደርስ፣ ሁለቱም ተስማምተውበት ትቶታል። መኪናዋ አሮጌ ነጭ ናት። ወንበሮቿን ራሱ አዲስ ጨርቅ አልብሷቸዋል፤ ጨርቁንም ሌላ ጨርቅ አልብሶታል።

ከጤና ጣቢያው ሲመጡ መንገዱ ኮረብታውን ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ቁልቁል ይወርዳል። ከቁልቁለቱ ግርጌ ድንገት ወደ ግራ የሚታጠፍ ኩርባ አለ፤ ከኩርባው ማዶ ደግሞ ሰው ቢቆምበት የማይታይ ጥልቅ የጎርፍ ቦይ። ባለፈው የዝናብ ወቅት ሚስቱ እዚያ ኩርባ ላይ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ አልቆም አለች። ጎማዎቹ መሽከርከራቸውን አቁመዋል፣ መኪናዋ ግን መሄዷን አላቆመችም። ጎኗን ሰጥታ እየተንሸራተተች ሄዳ ቦዩ አፍ ላይ ከተደረደሩት ድንጋዮች ጋር ተላትማ ቆመች። ሴትየዋ አንድ ጭረት ሳይነካት ወጣች። ለባሏም እንደ ቀልድ ነገረችውና አለፈ። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር፣ ከሥራ ስትገባ ትከሻዋን ስታሽ ያያታል። መሪውን እንዴት ጨብጣው እንደምትመጣ ገባው።

ዘንድሮ ግን በጋው ሊገባደድ ሲል አንድ ቀን፣ ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል ተናገረች።

«ይሄ ክረምት በእነዚህ ጎማዎች ካገኘኝ ሥራዬን እለቃለሁ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ፈራሁ።»

እሷ ፈራሁ ስትል ሰምቶ አያውቅም። ሌሎች ሰዎች በፈሩበት ሰዓት እጃቸውን የምትይዝ ሴት ናት። ሥራዋን ከተወች ምን እንደሚቀራት ያውቃል፤ የሚቀራት እሱ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ለዚህ እንደማይበቃ አይጠፋውም። ወዲያው ወጥቶ ከመኪናዋ አጠገብ ቁጢጥ አለ። የጎማዎቹ ጥርስ ገና አላለቀም ነበር። «እነዚህ ምን ይወጣላቸዋል?» ብሎ ሊከራከር ሲል አውራ ጣቱን ጫን አደረገባቸው። በሥራው ያገኛት ልማድ ናት፤ ስፖንጅ የሚመረጠው በዓይን ሳይሆን በአውራ ጣት ነው። ጎማው እንደ ድንጋይ ደርቋል። ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ተስለውበታል። ስፖንጅም ሲያረጅ እንዲሁ ነው፤ ቅርጹ እንዳለ ይቆይና ውስጡ ይሞታል። ተነሣና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በማግሥቱ ሱቁን ዘግቶ ጎማ ፍለጋ ወጣ።

እግሩ እስኪቀጥን ዞረ። በየሱቁ ገብቶ ሰላምታ ይሰጥና የተደረደሩትን ጎማዎች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ያልፋል። አንዱ ባለሱቅ ብዙ ሲያየው ቆይቶ «ጋሼ፣ ፓፓያ መሰለዎት እንዴ?» አለው። ሶፋ ሠሪው አልተቀየመም። «አልበሰሉም» ብሎት ወጣ።

በመጨረሻ የደረሰበት ሱቅ ባለቤት መነጽሯን ራሷ ላይ የሰቀለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች ሴት ነበረች።

«ምን ዓይነት ጎማ ነው የሚፈልጉት፣ አባቴ?»

«የሚቆም።»

«ሁሉም ይቆማል።»

«በዝናብ የሚቆም፣ ልጄ። ቁልቁለት ላይ፣ ኩርባ ላይ። ባለቤቴን ይዞ የሚቆም።»

ጎማ ሻጯ ልትስቅ ከጀመረችው ሳቅ መለስ አለች። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥታ መጣችና መጠኑን ጠየቀችው። ሶፋ ሠሪው ከአሮጌው ጎማ ጎን ገልብጦ መዳፉ ላይ የጻፈውን ቁጥር ዘርግቶ አሳያት። ሁለት ጎማ አንከባልላ አመጣች። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፤ ዕድሜ አለው፣ አብዛኛው ሰው የሚወስደውም እሱን ነው አለችው። ሶፋ ሠሪው ተጫነው። አልወደደውም።

«ይሄኛው ደግሞ ለፈጣን መኪና ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ባለቤቴ አዋላጅ ናት፣ ልጄ። ውድድር አትገባም።»

«የሚሮጥ መኪና ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መቆም እኮ ነው፣ አባቴ» አለችው።

ከዚያ ጊዜ ወስዳ አስረዳችው። ጎማው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አሳየችው፤ የዝናብ ሥዕል አለባት፣ ከሥዕሉ አጠገብ በፊደል የተሰጠ ደረጃ። በርጥብ መንገድ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቆም የምትናገረው እሷ ናት። የዚህኛው ጎማ ፊደል የመጀመሪያዋ ናት፤ የዚያኛው ወደ ታች የወረደች። ጎኑ ላይ የታተመችውን የተመረተበትን ጊዜ እንዲያነብ አደረገችው፤ ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃልና። ከዚያ የውሃ ጠርሙሷን አንስታ በጎማው ጥርስ ላይ አፈሰሰች። ውሃው በወፋፍራሞቹ መስመሮች ገብቶ በጎንና በጎን ሹልክ ብሎ ወጣ።

«ውሃው መውጫ ካጣ ጎማው መሬት አይነካም፣ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ይሄ መንገድ ይሰጠዋል። እነዚህን ጥርሱ ላይ ያሉ ትንንሽ ቅዶች ደግሞ አዩ? መሬቱን የሚቆነጥጡት እነሱ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው የመጀመሪያው ዝናብ ነው፤ በጋውን ሙሉ መንገዱ ላይ የተከመረው አቧራና ዘይት ገና ሳይታጠብ። እንደ ሳሙና ነው የሚያደርገው።»

ሶፋ ሠሪው አውራ ጣቱን ጫን አደረገ። ጎማው እሺ ብሎ ትንሽ ገባለት፣ ከዚያ መልሶ ገፋው። ከስፖንጅም እንዲህ ያለውን ሲያገኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል። ወደደው። እዚህ ላይ ብትተወው ኖሮ ነገሩ ሁሉ በሰላም ባለቀ። ሴትየዋ ግን ሐቀኛ ነጋዴ ሆና አረፈችው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ነገ እንዳይወቅሱኝ። ለስላሳ ስለሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ከዚያኛው ቶሎ ያልቃል። መሬቱን የሚይዘውም ለስላሳ ስለሆነ ነው።»

ያልቃል። ከነገረችው ሁሉ ይህች ቃል ብቻ ጆሮው ውስጥ ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አራቱን ገዛ። መኪናዋን ያምጡና ዛሬውኑ እንገጥምልዎ ብትለው፣ መኪናዋ ሥራ ናት፣ ነገ ከነገ ወዲያ እንመጣለን አለ። ይህን ሲናገር እውነቱን ነበር። ጎማዎቹን ባለሦስት እግር ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ እሱም ከኋላ አብሯቸው ተቀምጦ ወደ ቤት ጉዞ ጀመረ። ፀሐዩ ይፋጃል። አስፋልቱ ከሩቅ ሲያዩት ይርገበገባል። ዝናብ የሚባል ነገር በሰማዩ ላይ የለም። በዚህ የጋለ መንገድ ላይ እነዚህን የመሰሉ ጎማዎች በየቀኑ እየተፋቁ ሲያልቁ ታየው። ዝናቡ በገባ ጊዜ ለዋናው ሥራቸው ምን ሊቀራቸው ነው? ቤቱ ሲደርስ ቆርጦ ነበር።

ሳሎን ውስጥ፣ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ አቆማቸው። ጎማ እንደ ጨርቅ አይታፈንምና እንደ ሌላው ዕቃ አንሶላ ሳይሆን ወፍራም ላስቲክ አለበሳቸው። ራቅ ብሎ አያቸው። ደስ አሉት።

ሚስቱ ስትገባ በሩ ላይ ቆመች።

«እንግዳ መጥቶልናል?»

«ያንቺ ናቸው» አለ። ስለ ዝናቡ ሥዕል፣ ስለ ፊደሏ፣ ውሃው እንዴት ሹልክ ብሎ እንደሚወጣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ላስቲኩን ገለጥ አድርጎም አውራ ጣቷን አስጫናት። ሴትየዋ ፊቷ ሁሉ ፈካ። ይሄን ሁሉ ለእሷ ብሎ እንደዞረ ገብቷት ግንባሩን ሳመችው።

«በቃ ነገ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ አስገጥማቸዋለሁ።»

«ነገማ ደረቅ ነው» አለ።

«እና?»

«ዝናቡ ሲገባ ነው የሚገጠሙት። ለስላሳ ናቸው። አሁን ከገጠምናቸው ዝናቡ ሳይደርስ ያልቃሉ።»

ቦርሳዋን ጎማዎቹ ላይ አስቀመጠች።

«ዝናቡ ሲመጣ ደውሎልህ ነው የሚመጣው?»

«ሰማዩን አይቼ አውቃለሁ።»

«እሺ» አለች።

ይህች ሴት ብዙ ዓይነት እሺ አላት። የመስማማት አላት፣ የማሾፍ አላት፣ በኋላ እንነጋገራለን የምትልባት አለች። የዚያን ምሽቷ ግን ቀዩ ጫማ ወደ ካርቶኑ ሲመለስ ያለቻት እሺ ነበረች። እሱ ለይቶ አላወቃትም። እሷም ደክሟት ስለነበር አልደገመችለትም።

ጎማዎቹ ሳሎን ውስጥ ኑሮ ጀመሩ። ሚስቱ ቦርሳዋን ታስቀምጥባቸዋለች። ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን ሰምቶ ሊያያቸው መጣና ዙሪያቸውን ከዞረ በኋላ «እኔ ጎማ መኪና ሥር ነበር የማውቀው፤ ለካ ሲያልፍለት ሳሎን ይገባል» አለ። ልጃቸውም ደወለች።

«አባዬ፣ ጎማዎቹን ካርቶን ውስጥ ከተትካቸው አሉ?»

ከልቡ ሳቀ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ግን ወጥቶ ሰማዩን አየ። ጥርት ያለ ነበር። ነገሩ ትክክል እንደሆነ ለራሱ ነግሮ ተመለሰ።

ዝናቡ የመጣው ማንም ባልጠበቀው ቀን ነው። ጠዋት ሰማዩ የታጠበ ይመስል ነበር። ከሰዓት በኋላ ሶፋ ሠሪው የአንድ ወንበር መደገፊያ ላይ ጨርቅ ወጥሮ፣ ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ ሲመታ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ጠብ የሚል ነገር ሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ጠጠር ወርውሮ የሚያሾፍበት መስሎት መምታቱን ቀጠለ። ሁለተኛው ጠብ አለ። ከዚያ ጣሪያው ላይ የድንጋይ ቁልል የተናደ ይመስል ዝናቡ ባንድ ጊዜ ወረደ።

ሚስማሮቹን ተፍቶ በሩ ላይ ቆመ። አስፋልቱ ጠቆረ፣ ከዚያ ያብለጨልጭ ጀመር። ቡናማ አረፋ እየተንሳፈፈ መንገዱ ዳር ላይ ይወርዳል። አቧራውና ዘይቱ። «እንደ ሳሙና ነው የሚያደርገው» ያለችው የጎማ ሻጯ ድምፅ አሁን ገና ተሰማው፤ ያን ጊዜ ሰምቶት ነበር፣ ግን ሌላዋ ቃል ቦታውን ይዛበት ስለነበር አላስተናገደውም። ሚስቱ ከሥራ የምትወጣበት ሰዓት ነው።

ደወለላት። አይነሳም። ደግሞ ደወለ። ስትነዳ ስልክ እንዳታነሳ ለምኖ ያስማላት ራሱ ነው። ስለዚህ አለማንሳቷ እየነዳች ነው ማለት ነው። እየነዳች ከሆነ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ናት።

«አንተ፣ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው?» አለው ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ ላይ።

«ኩርባው ጋ» አለና ሱቁን ሳይዘጋ ሄደ። ወዳጁ ይህን ሲያይ አልቀለደም። ዣንጥላ ይዞ ሊከተለው ወጣ ብሎ ነበር፤ ርቆ ስላየው ተመልሶ ወንበሮቹን ከዝናቡ ወደ ውስጥ አስገባለት።

ሶፋ ሠሪው ከሮጠ ዘመን ሆኖታል። ሮጠ፣ ደከመው፣ በፍጥነት ተራመደ፣ ደግሞ ሮጠ። በመንገዱ ሙሉ የሚታየው አንድ ነገር ነበር፤ አራቱ ጎማዎች፣ ሳሎን ውስጥ፣ ላስቲክ ለብሰው፣ ደርቀው። ለእሷ ብሎ የገዛቸውን ከእሷ ደብቆ አስቀምጧቸዋል። መንገድ ላይ ራሱን ጮክ ብሎ ሰደበው። ዝናቡ ድምፁን ስለዋጠው ደገመው።

ኩርባው ጋ ደረሰ። የመኪና ምልክት የለም። ድንጋዮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ወደ ታች አየ። ቡናማ ጎርፍ ቅርንጫፍና ቆሻሻ ይዞ ይጋልባል። ሌላ ምንም የለም። ነፍሱ መለስ አለች። ወደ ላይ ቁልቁለቱን አንጋጦ ጠበቀ። አንድ የጭነት መኪና እየተሳበ ወረደ፣ ሌላም ተከተለው። ነጯ መኪና አልመጣችም። ምናልባት ገና ከሥራ አልወጣች ይሆናል፤ ምናልባት ቤት ገብታ ይሆናል። ቆሞ ከመጠበቅ ይሻላል ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሩ ላይ ጫማዋን አየው። ጭቃ ውጦታል። በሩን ገፋው።

ሚስቱ ሳሎን ውስጥ፣ የጎማዎቹ ቁልል ላይ ተቀምጣለች። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ርሳለች። ከቀሚሷ ጫፍ ውሃ እየተንጠባጠበ ላስቲኩ ላይ ይወርዳል። እጆቿን ጉልበቷ መካከል አድርጋ ትንቀጠቀጣለች።

«መጣህ?» አለችው። «የት ሄደህ ነው? እንዲህ ርሰህ።»

«መኪናዋስ?»

«ኮረብታው አናት ላይ አቆምኳት። መንገዱን ወደ ታች ሳየው አብረቀረቀብኝ። አልቻልኩም። ቆልፌያት በእግር መንገዱ ወረድኩ። ስልኬን እዚያው ረሳሁት መሰለኝ።»

እሱ በአስፋልቱ ሲወጣ እሷ በጓሮ በኩል ባለው የእግረኛ ደረጃ ስትወርድ ነበር። በሕይወት አለች። ደህና ናት። ሌላ ማሰብ አልቻለም። ፎጣ አምጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣለላት፣ ፀጉሯን ያብስ ጀመር። እያበሰ ሳለ ነው ዓይኑ ከአጠገቧ ያለው ሶፋ ላይ ያረፈው።

«ለምን ሶፋው ላይ አልተቀመጥሽም?»

«ርጥብ ነኝ እኮ» አለች፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው። ከሥሯ ያለውን ላስቲክ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይሄ ላስቲክ አለው፤ አይበላሽም።»

ፊቷን አየ። እያሾፈች ነው ብሎ ነበር። አላሾፈችም። ብታሾፍ፣ ብትጮህ፣ ቦርሳዋን ብትወረውርበት ይሻለው ነበር። ብርድ እየቆረጣት፣ በገዛ ቤቷ፣ የገዛ ባሏ የሠራው ሶፋ እንዳይረጥብ ብላ ጎማ ላይ ተቀምጣለች፤ ይህም ተራ ነገር ሆኖባታል። ብርጭቆዎቹ ተሸፍነዋል። ሪሞቱ ተሸፍኗል። ጎማዎቹ ተሸፍነዋል። በዚህ ቤት ውስጥ ሳትሸፈን የቀረችው እሷ ብቻ ናት። አፈረ፤ እስከ ዛሬ አፍሮ የማያውቀውን ያህል አፈረ። አለቀሰም፤ ፊቱ ቀድሞውኑ ርጥብ ስለነበር እሷ አላየችውም።

የሶፋውን አንሶላ ጫፍ ይዞ ሳበው። አልለቅም አለው፤ ራሱ ነው በሚስማር የቸነከረው። ደግሞ ሳበው። ተቀደደ። ሁለተኛውን አንሶላ አከታትሎ ገፈፈውና ወለሉ ላይ ጣለው።

ሚስቱ ዓይኗን አፈጠጠች።

«ሰማያዊ ነው እንዴ?»

«ሰማያዊ ነው።»

«አቤት፣ ማማሩ» አለችና ሳቀች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሳቀች። ክንዷን ይዞ አስነሳት። «ርጥብ ነኝ አልኩህ» ስትለው አልሰማም። ሰማያዊው ሶፋ ላይ፣ መሃሉ ላይ አስቀመጣትና ብርድ ልብስ አለበሳት። ውሃው በጨርቁ ላይ እየሰፋ ሲሄድ አየ። ልቡ አንድ ጊዜ ድንግጥ አለች። ብርድ ልብሱን እግሯ ሥር ጠቀጠቀላት።

በማግሥቱ ፀሐይ ወጣ። መንገዱ ዝናብ አይቶ የማያውቅ ይመስል ደረቀ። መኪናዋን ከኮረብታው አውርደው፣ ጎማዎቹን የኋላ ወንበርና ዕቃ መጫኛ ውስጥ አጭቀው፣ ጎማ ሻጯ ጋ ሄዱ። ሠራተኞቹ ሲገጥሙ ሶፋ ሠሪው ቆሞ አየ። ከአዲሱ ጎማ ጥርስ ላይ የወጡት ቀጫጭን የጎማ ፀጉሮች ገና እንዳሉ ናቸው። ሚስቱ ሞተሩን አስነሥታ ደረቁ አስፋልት ላይ ስትወጣ የመጀመሪያው ረድፍ ፀጉር ተፋቀ።

«እያለቁ ነው» አለችው በጎን እያየችው። «ይሰማሃል?»

«ይለቁ» አለ።

ሰው በአንድ ዝናብ አይለወጥም። ሶፋ ሠሪው ዛሬም ሶፋ አስረክቦ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ይላል፣ «ሸፍኑት» ይላል፤ ምላሱ ለምዷል። የሠርጉ ብርጭቆዎችም ገና አልጋ ሥር ናቸው። ክረምቱ ደህና አድርጎ ከገባ በኋላ ግን አንድ ቀን ጨርቅ ሊገዛ ኮረብታው ማዶ ሄዶ፣ ከሚስቱ ጋር በመኪናዋ ተመለሰ። ዝናቡ መጥረጊያውን አሸንፎ መስታወቱ ላይ ይፈስ ነበር። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ እሱ የበሩን እጀታ ጨበጠ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ፍሬን ያዘች። መኪናዋ ዝቅ ብላ፣ መሬቱን ይዛ፣ በያዘችው መስመር ላይ እንዳለች ዞረች። ቦዩ በጎናቸው አለፈ። ሚስቱ የምታወራውን አላቋረጠችም፤ ጤና ጣቢያ ስለተወለዱ መንትዮች ነበር የምትነግረው። የመንትዮቹን ትንሽነት ለማሳየትም አንድ እጇን ከመሪው አንስታ ነበር። ትከሻዋን አየው። ዝቅ ብሏል፣ ዘና ብሏል። የበሩን እጀታ ለቀቀ።

ቤት ሲደርሱ ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ ዝናቡ አገኛቸው። እሷ ቀድማ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፣ እርጥብ ፀጉሯን በእጇ ወደ ኋላ ጠራረገች፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሄዳ ሶፋው ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ምልክት የተወበት ቦታ ላይ፣ ተቀመጠች።